ከግብር አዳራሽ እስከ ሆቴል፦ የእቴጌ ጣይቱ ገበታ

አማርኛ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ ቃል አለ፤ ግብር። ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ነው። ንጉሥ መኳንንቱንና ሠራዊቱን ሰብስቦ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ መጀመሪያው ትርጉም ስንት ፈተና ተፈተንኩ፤ ሁለተኛውን ግን ያነሳልኝ መምህር የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥናቸው የድሮው መንግሥት እንዴት ይሠራ እንደነበር በአንድ ቃል ይነግሩናል። ከገጠር ማር፣ ቅቤ፣ እህልና ከብት ግብር ሆኖ ይገባል። ከዚያ ጠጅ፣ ወጥና ጥሬ ሥጋ ሆኖ፣ ስሙን እንኳ ሳይቀይር፣ ግብር ተብሎ ይበላል። የሚያስገባውና የሚበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው አልነበረም።

ይህንን ቃል ከማንም በላይ በተግባር ያወቁት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይመስሉኛል። ስማቸው ሲነሳ ሁላችንም ጋ ቀድሞ የሚመጣው ዓድዋ ነው፤ ልክም ነው። እኔ ግን ዛሬ ሕይወታቸውን በጓዳ በር በኩል ገብቼ ልንገራችሁ።

ለምን አሁን? ፍሎሪዳ ውስጥ ኤፕኮት በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ የምግብና የወይን ፌስቲቫል ይካሄዳል። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ሰው በእጁ ትንሽ ሳህንና ብርጭቆ ይዞ ከአንዱ አገር ዳስ ወደ ሌላው አገር ዳስ እየዞረ፣ በየዳሱ እየከፈለ ይቀምሳል። አስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ የእኛ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ። መልሴ አጭር ነው፤ ቲኬቱ ነው እንጂ ድግሱስ እኛ ጋ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ነበር። የተደገሰበት ተራራ፣ እንጦጦ፣ ዛሬ ራሱ መዝናኛ ፓርክ ሆኗል። የደገሱት ደግሞ ጣይቱ ናቸው።

ከእንጅባራ ሲታይ

ይህን የምጽፈው እንጅባራ ሆኜ ነው። እዚህ ጥር 23 ሲደርስ ከተማው በፈረስ ይሞላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ ቀን ነው። በዓሉ ፈረስ በዓድዋና በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት የዋለውን ውለታ ያስባል። ጉግሱ፣ የፈረሱ ጌጥ፣ ሽለላው፣ አቧራው፣ ወደ ላይ የተዘረጋው የስልክ ብዛት... ያልመጣ ሰው በቪዲዮ ብቻ አይገባውም። ሜዳው ላይ ለመቆም ደግሞ ቲኬት የሚጠይቃችሁ የለም።

ጓዳ ጓዳውን ያየ ሰው ግን ሌላ በዓል ያያል። ጠላው ከቀናት በፊት ተጠንስሷል፤ አረቄው ወጥቷል፤ የባንጃ ድንች በጆንያ ገብቷል፤ ከዳንግላ መንገድ ለሚመጣው እንግዳ እንጀራ ሌሊቱን ሲጋገር ያድራል። በዓሉ በዜና ሲነገር ስለ ፈረሱ እንጂ ስለ ምድጃው አይወራም።

አገው ምድር ሌላውን መመገብ የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ የጎንደርን ከተማ ከሚቀልቡት ዋነኞቹ አገዎች መሆናቸውን ታዝቦ ጽፏል። ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴና ቆዳ እየነዱና እየጫኑ ወደ ጎንደር ይወርዱ ነበር። የቤተ መንግሥት ጠጅ ሲባል ብርሌው ብቻ ትዝ የሚለን ሰዎች፣ ማሩ ከየት እንደመጣ አንድ ጊዜ ብንጠይቅ አይከፋም። እኔም የጣይቱን ታሪክ የማነበው ከዚህ ወገን፣ ማሩ ከሚመጣበት ወገን ሆኜ ነው።

የሰሜን ቤት ልጅ

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ፣ ከሰሜን ገዢዎች ቤተሰብ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን የገዙ ኃያል ሰው ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው፣ እዚያው ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ማለትም ጣይቱ ያደጉት ትናንት ሲያበላ የነበረ ቤት ዛሬ እንዴት እንደሚፈርስ ባየ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

በዘመኑ ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደ ትምህርት አግኝተዋል። ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ፤ በገና ይደረድራሉ፤ ቅኔም ይገባቸዋል እየተባለ ይነገርላቸዋል። ከምኒልክ በፊት በተለያየ ጊዜ ትዳር መሥርተው ፈርሷል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቁርባን ሲያገቡ የአሥራ ምናምን ዓመት ሙሽራ አልነበሩም። አገር ያዩ፣ ፖለቲካ የገባቸው፣ ከሰሜን እስከ የጁ ዘመድ ያላቸው ሴት ነበሩ። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል ኋላ የየጁ ገዢ ሆነዋል። ይህ ጋብቻ ለሸዋ ንጉሥ ወደ ሰሜን የሚወስድ በር ከፈተለት ማለት ነው።

አዲስ አበባና የእንጦጦ ድግስ

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ ጣይቱ ከብርዳሙ እንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ወረዱ። ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው መሬት እየያዙ ሰፈሩ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚኖርባት ከተማ የተጀመረችው በዚህ ዓይነት ነው።

ከተማ ግን በቤት ብቻ አይቆምም፤ ሰው የሚሰበሰብበት ምክንያት ይፈልጋል። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ ስትመረቅ፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ትልቅ ድግስ ደገሱ። ከየአገሩ የመጣ መኳንንት፣ ካህን፣ ወታደርና ድሃ ተራ በተራ ገብቶ በላ። ወጡ ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ቀዩ፣ አልጫው፣ የበጉ፣ የበሬው፣ የዶሮው። ጠጁ በጋን በጋን ነበር።

አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ ለዚህ ድግስ ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው፣ ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ሬስቶራንት ውስጥ በአንድ ትሪ የሚቀርበው የወጥ ስብስብ፣ አንድ አገራዊ ገበታ ሆኖ የታየበት ቦታ አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ሲታሰብ ልክ ነው። የየአገሩን ሰው በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ አንድ ዓይነት ገበታ ማቅረብ፣ ከአዋጅ ባልተናነሰ፣ አሁን የአንድ መንግሥት ሰዎች ናችሁ ማለት ነው። ኤፕኮት ውስጥ አገሮች ለየብቻ ዳስ አላቸው። እንጦጦ ላይ ግን ዳሱ አንድ ነበር፤ የዳሱም ባለቤት ትታወቃለች።

ክፉ ቀን

ከዚያ ድግሱ ቆመ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰው። በሽታው ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ ይነገራል። አብዛኛው የአገሪቱ የቀንድ ከብት አለቀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ሲጨመርበት ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። ሕዝቡ ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው።

በዚህ መሃል፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተባሉ። ዘውዱ የተጫነው ጎተራ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። ምኒልክ ገበሬው ያለ በሬ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱንም አስቆፈሩ። ከቤተ መንግሥት ጎተራም እህል እየወጣ ለተራበው ተሰጠ።

አብልቶ የሚገዛ መንግሥት የሚበላ ነገር ሲያጣ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩት እቴጌ፣ ስንቅን እንደ ቀላል ነገር አይተውት አያውቁም። ይህም ጥቂት ዓመት ቆይቶ በጦር ሜዳ ታየ።

ውኃና ስንቅ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ነገር የታወቀ ነው። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ብትፈልግ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ትችላለች ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ሊያግባባ ሲመጣ ከሁሉ የጠነከረ መልስ ያገኘው ከእቴጌይቱ ነበር። ከእሳቸው ጋር የገጠመው ክርክር ምንም ሳያስገኝለት ተመለሰ።

በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታውጆ ጦሩ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ጣይቱ ቤት አልቀሩም። በሺዎች የሚቆጠር እግረኛና በመቶዎች የሚቆጠር ፈረሰኛ የራሳቸው ጦር ነበራቸው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው ከተሙ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ሲዘፈን የሚወሳው የፈረሰኛ ታሪክ ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ጓዳውን ተመልከቱ። አንድ መቶ ሺህ ገደማ ሰው ለወራት በእግሩ ይጓዛል። ዛሬ እንደምናውቀው ስንቅ የሚያመላልስ መኪና የለም። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ በአህያና በበቅሎ ይጫናል፤ ከጦሩ ጋር የሚሄዱት ሴቶች ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ይህ ሁሉ ሥራ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው የሚታለፈው። ይህ ሥራ ባይኖር ግን ጦሩ ዓድዋ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

ጥር ላይ መቀሌ እንዳየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የጣሊያን ጦር በጥይት ለማስለቀቅ ከባድ ሆነ። ያኔ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ የሚለው ሐሳብ የእቴጌይቱ ነበር። የእሳቸው ሰዎች ምንጩን ያዙት። ምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር በጥም ተያዘ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ድግስ የምታውቅ ሴት፣ ሰው ያለ ውኃ ስንት ቀን እንደሚቆይም ታውቃለች።

ከዚያ ዓድዋ። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ስንቁ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። የኢትዮጵያ ጦርም በአካባቢው ያገኘውን ሁሉ በልቶ ስለጨረሰ ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። ማለትም ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ተፋጠው የሚጠባበቁት አንዱ የሌላውን ጎተራ ነበር። ቀድሞ ትዕግሥቱ ያለቀው ባራቲዬሪ ሌሊቱን ተነስቶ ወጣ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ታውቃላችሁ። ጣይቱ በዚያ ቀን በጦርነቱ መሃል ነበሩ፤ ሴቶቹንም አሰልፈው ለተዋጊውና ለቆሰለው ውኃ እንዲያቀብሉ አደረጉ። ቁስለኛ ምርኮኛ ጠላትም ከውኃው ደርሶታል።

አዳራሹ እንዴት ይሠራ ነበር?

ከድሉ በኋላ የአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ግብር አዳራሽ የአገሪቱ ልብ ሆነ። በበዓላት ብቻ ሳይሆን በእሑድም በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር። አገባቡ በማዕረግ ነው። መጀመሪያ ታላላቆቹ መጋረጃ ተጋርዶ ይበላሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይከፈትና ሌላው ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላው። አጋፋሪው ማን ከማን ቀድሞ እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። አንድ ሹም ከንጉሡ ጋር ያለው ነገር መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን ለማወቅ ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ የተቀመጠበትን ቦታና የደረሰውን ሥጋ ማየት ይበቃዋል።

ከአዳራሹ ጀርባ ደግሞ ሌላ ከተማ አለ፤ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ እንጀራ ቤት። የዚህ ሁሉ የበላይ እቴጌይቱ ነበሩ። በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ማሩ ሲመዘን፣ ጌሾው ሲወቀጥ፣ የሚያዝዙትም የሚቆጣጠሩትም እሳቸው ናቸው። በዘመናዊ ቋንቋ እናስቀምጠው ካልን የአገሪቱን ትልቁን የምግብ ድርጅት ይመሩ ነበር።

እዚህ ጋ ግን ማጋነን አልወድም። ያንን ድንጋይ ወፍጮ የሚገፉት፣ እንጨቱንና ውኃውን የሚሸከሙት ሰዎች ደመወዝተኛ አልነበሩም። ከመካከላቸው በባርነት የተያዙ ነበሩ። ከብቱም ሁልጊዜ በፈቃድ የመጣ አልነበረም፤ ከዘመቻ የተነዳም ነበረበት። ማሩን ያስገባው ገበሬ አዳራሹን በዓይኑ ሳያየው ይሞታል። ድግስ ለበላተኛው ነፃ ነው፤ ነፃ የሆነ ድግስ ግን የለም፤ ሒሳቡን የከፈለ ሰው የሆነ ቦታ አለ። የግብር ሁለት ትርጉሞች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ምሳ በብር

ለዚህ ነው ከጣይቱ ሥራዎች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ሆቴላቸው የሆነው። የአቢሲኒያ ባንክ በተከፈተበት በ1898 ዓ.ም. እቴጌ ሆቴል ተመሠረተ፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው፣ ፒያሳ ያለው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ከተማው ውስጥ የውጭ አገር ሰው፣ ነጋዴና መልእክተኛ በዝቶ ነበር፤ ማረፊያ ያስፈልግ ነበር።

ከባዱ ነገር ሕንፃው አልነበረም። ከባዱ የአገሩን ሰው ምግብ በገንዘብ ማስገዛቱ ነበር። በዚያን ጊዜ የተከበረ ሰው ወይ ቤቱ ይበላል፣ ወይ ጌታው ግብር ያገባዋል። ከፍሎ መብላት ቤት እንደሌለው፣ ዘመድ እንደሌለው ሰው መሆን ነው። ሲተረክ እንደኖረው፣ መጀመሪያ ላይ መኳንንቱ ወደ ሆቴሉ ዝር አላሉም። ኋላ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን ይዘው እየሄዱ፣ በልቶ መክፈል ነውር አለመሆኑን አስለመዷቸው።

እስቲ አስቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በነፃ በማብላት ሥልጣንን የገነቡ ሴት ናቸው፤ ያለፈው ያልፋል ብለው ዋጋ የተጻፈበት ገበታ ከፈቱ። ግብር አዳራሽ ውስጥ የበላ ሰው ዕዳ አለበት፤ በታማኝነት፣ በዘመቻ፣ በአጎንብሶ ይከፍለዋል። ሆቴል የበላ ሰው ግን ሒሳቡን ከፍሎ፣ ቀና ብሎ ይወጣል። አንዱ ሎሌ ይፈጥራል፤ ሌላው ደንበኛ። እኔ በበኩሌ ይህ ለውጥ ከባቡሩና ከስልኩ ያላነሰ ዘመናዊነት ነው እላለሁ። ዛሬ እያንዳንዷ ካፌ ውስጥ ስልካችንን አውጥተን ሒሳብ ስንከፍል የዚያ ነገር ወራሾች ነን። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ ነበር፤ ታድሶ አሁንም ይሠራል።

ድግስ እንጨት ይበላል

ስለ ድግስ ስናወራ የምንረሳው አንድ ነገር አለ፤ ማገዶ። እንጦጦ ላይ የነበረው ደን ለቤት ሥራና ለምድጃ ተጨፍጭፎ አለቀ። እንጨት ሲጠፋ ደግሞ ቤተ መንግሥት ይነሳል፤ ነገሥታቱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመት ያድጋል፣ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ለእኛ ለአዊ ሰዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ እየተከለ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ስለገባበት ብዙ ቤተሰብ ተጎድቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በከሰል የተፈላ ቡና የጠጣችሁ ሁሉ ከእኛ አገር ገበሬ ጋር ሳትተዋወቁ ገበታ ቀርባችኋል። ድሮ ማሩ፣ ዛሬ ከሰሉ፤ መንገዱ ያው ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ምኒልክ በሕመም ሲዳከሙ አገሩን የመምራቱ ሥራ እየዋለ እያደረ በጣይቱ እጅ ገባ። የራሳቸውን ወገኖች ሾሙ፤ ሻሩ፤ በጋብቻም ኃይል ለማሰባሰብ ሞከሩ። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱትም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው ከፖለቲካ ሥራ እንዲወገዱ፣ የታመመውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ሥልጣኑ በእንደራሴው በራስ ተሰማ ናደው እጅ ሆነ።

የወሰኑት ሰዎች ለዓመታት ከእሳቸው ገበታ የበሉ ናቸው። ግብር ያበላ ሰው ታማኝነት ገዛሁ ብሎ ያስባል። የተገዛው ግን የወንበሩ ታማኝነት እንጂ የሰውየው አልነበረም። ወንበሩ ሲነቃነቅ ዕዳውም ይረሳል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ጣይቱም ወደ እንጦጦ ወጡ፤ ያንን ትልቅ ድግስ ወደ ደገሱበት ተራራ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ ስሟን ያወጡላት ከተማ አለች። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ኋላ አጽማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ተዛውሮ ከባላቸው አጠገብ ዐርፏል።

ፓርኩ፣ ቲኬቱና የእኛ ሜዳ

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀውን እንጦጦ ፓርክን አይቼዋለሁ። ብስክሌት፣ በገመድ መንሸራተቻ፣ ካፌ፣ ምግብ ቤት፣ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት በየዛፉ ሥር። ፈረስም አለ፤ ጥቂት ተጋልቦበት ይከፈላል። የፈረሰኛ አገር ልጅ ስለሆንኩ ትንሽ ፈገግ አልኩ። ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ባሕር ዛፉ ራሱ ያወራል። ወደ እንጦጦ ማርያም ብቅ ካላችሁ ደግሞ የምኒልክና የጣይቱ ዕቃዎች የተቀመጡበት ሙዚየም አለ። ከቡናው በኋላ ሩብ ሰዓት ስጡት። ታች ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ ያ የድሮው ግብር አዳራሽ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። የድሮው ሰው የሚገባበት በማዕረጉ ነበር፤ እኛ የምንገባው በቲኬት ነው። ቲኬቱ ያማል የሚል ይኖራል፤ ቢሆንም አጋፋሪ ፊታችሁን አይቶ አይመልሳችሁም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። የእንጅባራው በዓል በየዓመቱ እየገነነ ነው። እንግዳው በዝቷል፤ ሆቴሉ ይሞላል፤ ስፖንሰርም ይመጣል። አንድ ቀን ሜዳው ይታጠር፣ መግቢያ ይቆረጥ፣ የክብር እንግዳ ድንኳን ይዘጋጅ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። በኢኮኖሚክስ ትምህርቴ ገበያን አልጠላም፤ ሰው ለበላው ይክፈል ባይ ነኝ። ነገር ግን የሚከፈልበትና የማይከፈልበት ነገር ይለይ።

የእኛ በዓል የንጉሥ ግብር አይደለም፤ የዲዝኒ ቲኬትም አይደለም። ማኅበሩ የቆመው በአባላቱ ነው፤ ሲያዝኑ ይደራረሳሉ፣ ሲጣሉ ይታረቃሉ፣ ጥር 23 ሲሆን ፈረሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ማንም የማንም ሎሌ ሆኖ አይደለም ሜዳው ላይ የሚቆመው። ስለዚህ ሜዳው እንደ ድሮው ለሁሉ ክፍት ይሁን። በሜዳው ዙሪያ ግን ጠላ የጠመቀችው፣ ድንች የቀቀለችው፣ ማር ያመጣው ሰው ንጹሕ ዳስ፣ ውኃና መብራት አግኝቶ፣ ዋጋውን ለጥፎ በስሙ ይሽጥ። እንግዳውም ከዳስ ዳስ እየዞረ ይቅመስ። የፌስቲቫሉ ገንዘብ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ድርጅት ብቻ ሳይሆን ለባንጃና ለዳንግላ ምድጃዎች ይድረስ።

በሚቀጥለው ጥር ብትመጡ፣ ጉግሱ ሲያልቅ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ከአንዲት ጠላ ሻጭ እናት አጠገብ ቁጭ በሉ። ጌሾውን ከየት እንዳመጡት፣ እንጨቱን ስንት እንደገዙት፣ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተነሱ ጠይቋቸው። ከዚያ ሒሳባችሁን ክፈሉ፤ መልሱንም ተዉላቸው።